የ20 ዩሮዋን ትኬት 20 ዩሮ ላይ ለማቆም

ሠርጉ ሮም ነው፣ እናንተ ጀርመን። ስልካችሁ ላይ የ20 ዩሮ ትኬት ብቅ ትላለች። ውሸት አይደለችም፤ ግን የምትገዙት ወንበሩን ብቻ ነው። ሻንጣው፣ መስኮት አጠገብ መቀመጡ፣ ውኃው እንኳ ለብቻው ይከፈልበታል። እኔ ይህን የተማርኩት ጌት (አውሮፕላን መሳፈሪያው በር) ላይ ነው። የሻንጣዬ ጎማ ከመለኪያው ሣጥን ሦስት ጣት ያህል ወጥቶ አልገባም አለ። በጉልበቴ ብጫነው፣ ባዞረው፣ ወይ ፍንክች! ሰልፈኛው ሁሉ እያየኝ ከትኬቱ ዋጋ በላይ ከፈልኩ።

ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደሚያወርዳችሁ እዩ። እነዚህ ርካሽ አየር መንገዶች (ራያንኤር፣ ዊዝ ኤር፣ ኢዚጄት) ክፍያው ዝቅ ያለበት ራቅ ያለ ማረፊያ ይወዳሉ። «ፓሪስ» የተባለው ቦቬ ከሆነ ከከተማው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። «ፍራንክፈርት» ያሉት ሐን ከሆነማ 120 ገደማ ነው። የአውቶቡሱን ሒሳብ ትኬቱ ላይ ደምሩ። በረራው ማለዳ ከሆነ ደግሞ በዚያ ሌሊት የሚያደርሳችሁ ነገር መኖሩን አጣሩ። ታክሲ ከያዛችሁ ርካሽነቱ እዚያው አበቃ።

ቀጥሎ ስም። ቅጹ «ሰርኔም» ሲላችሁ የአባት ነው የአያት እያላችሁ አትጨነቁ። ፓስፖርቱ ላይ በዚያ መስመር የሰፈረውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። ከገዛችሁ በኋላ ስም ማስቀየር ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ሻንጣው። ራያንኤርና ዊዝ ኤር በነጻ የሚያስገቡት ከፊታችሁ ወንበር ሥር የሚገባ አንድ ቦርሳ ነው፤ 40 በ30 በ20 ሳንቲ ሜትር። ኢዚጄት ትንሽ ይለቃል፣ 45 በ36 በ20። ጎማውም እጀታውም ይቆጠራል። ስለዚህ ጎማ ያለውን ተዉት፤ ሲጫኑት እሺ የሚል የጀርባ ቦርሳ ያዙ። ቤት እያላችሁ በሜትር ለኩ፣ ከሞላ በኋላ እንጂ ባዶውን አይደለም። ከባዱን ጫማና ጃኬት ተጫምታችሁና ለብሳችሁ ሂዱ። ጋቢ ከያዛችሁ ትከሻችሁ ላይ ጣል አድርጉት፤ እስካሁን ጋቢዬን የለካብኝ ሰው የለም።

በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም። ንጥር ቅቤ፣ ማርና አዋዜ ግን ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ይታያሉ። ብዙ ቦታ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚይዝ ዕቃ አያልፍም፤ ግማሽ ድረስ ብቻ ቢሞላም። የአክስቴ ቅቤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤቱ ሁሉ በኮረሪማ ታጥኖ የተነጠረ ቅቤ ነበር።

ቼክ ኢን (ለበረራው መመዝገቡ) በስልክ፣ በጊዜ። ራያንኤር ከፍሎ የመቀመጫ ቦታ ላልመረጠ ሰው የሚከፍተው በረራው 24 ሰዓት ሲቀረው ነው፤ 2 ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። ረስታችሁ ዴስክ ከሄዳችሁ 55 ዩሮ ትባላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። ወንበር መምረጡን እለፉት፤ ለሁለት ሰዓት በረራ መሀል ብትቀመጡ ምንም አትሆኑም።

በራያንኤር የምትበሩት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ አንድ ነገር ይጨመርባችኋል። ከፍተሻ በፊት ሰነድ የሚያዩበት ዴስክ ሄዳችሁ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ማሳየት አለባችሁ። ይህን ሳያውቁ ጌት ደርሰው የሚመለሱ አሉ። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የራያንኤር ጌት በረራው 20 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል፤ ልመና አይሰሙም። እነሱ አውሮፕላኑን በ25 ደቂቃ አራግፈው፣ ጭነው ነው የሚመልሱት፤ ዋጋው የወረደውም አንዱ በዚህ ጥድፊያ ነው።

በረራው ከዘገየስ? አብዛኛው ሰው ርካሽ ትኬት ስለያዘ ዝም ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን የትኬት ዋጋ አይጠይቅም። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ባለ በረራ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ 250 ዩሮ ይገባችኋል፤ ምክንያቱ የአየር ጠባይን የመሰለ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ካልሆነ በስተቀር። ቦርዲንግ ፓሱን (የመሳፈሪያ ካርዱን) አታጥፉ፣ የደረሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ፣ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ቅጽ ራሳችሁ ሙሉ። እናስፈጽምላችሁ የሚሉት ድርጅቶች ከገንዘባችሁ ላይ ዳጎስ ያለ ይቆርጣሉ።