ሀዋሳ ላይ በዊልቸር፣ በክራንች ወይ በነጭ በትር ታክሲ ለምትይዙ

ዊልቸር መጫኛ የተገጠመለት ታክሲ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ቤቱ ነው የሚቀረው፣ እኛ ጋ ያለው ባጃጅና ሚኒባስ ነው።

በመጀመሪያ ሹፌር ያዙ። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ ከመለመን ሰፈራችሁ ካሉት ረጋ ያለውን መርጣችሁ ስልኩን ተቀበሉና በኮንትራት ሂዱ፣ ዋጋውንም ከቤት ሳትወጡ ጨርሱ፣ "ዊልቸሩም የሰው ቦታ ይዟል" ብሎ ጨምሩ የሚል አይጠፋም። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አፅድቃለች፣ የኮንቬንሽኑ አንቀፅ 9 ላይ ትራንስፖርት በግልፅ አለ፣ ግን ባጃጅ ስር ቆሞ አዋጅ መጥቀስ ሂሳብ አያስቀንስም ባይ ነኝ።

ዋናው ጣጣ አገባቡ ላይ ነው። የባጃጅ ወንበር ከዊልቸር ከፍ ስለሚል ሹፌሩ ቀኝ ጎኑን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ያስጠጋ፣ ዊልቸሩ ከላይ ጠርዙ ላይ ሲቆም ከፍታው ይቀራረባል። ሞተሩ ይጥፋ፣ የዊልቸሩ ሁለቱም ፍሬን ይያዝ፣ የእግር ማስቀመጫው ይነሳ፣ ከዛ የባጃጁን ብረት ይዛችሁ በመቀመጫችሁ እየተንሸራተታችሁ ግቡ። ሹፌሮቻችን ደጎች ናቸው ግን ደግነታቸው ይቸኩላል፣ ሳይጠይቁ ብብት ስር ገብተው ብድግ ያደርጓችኋል፣ ትከሻ ይጎዳል። "ወንድሜ ቆይ፣ ስልህ ብቻ ወገቤን ደግፈኝ" በሉት።

ዊልቸሩን ለማጠፍ የመቀመጫውን ትራስ አንስታችሁ የወንበሩን ጨርቅ መሀል ላይ ከፊትና ከኋላ ይዞ ወደ ላይ መሳብ ነው። የታጠፈው ዊልቸር እግራችሁ ፊት ካልገባ ከባጃጁ ኋላ በላስቲክ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፣ ኮብልስቶን ላይ ሲነጥር ይላላልና መሀል ላይ አስቁሙና እዩት። ትራሱን በእጃችሁ ያዙ፣ ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው።

ክራንች ከሆነ ሚኒባስም ይሆናል። ሰው አክብሮ ጋቢና ይለቅላችኋል፣ ጋቢናው ግን ጎማው ላይ ስለሆነ መውጣቱ ይከብዳል፣ በሩ ጋ ያለችው ወንበር ትሻላለች፣ ረዳቱ "ጠጋ በሉ" ቢልም እግሬ አይታጠፍም ብላችሁ ቁጭ።

ማየት ለተሳናችሁ ደሞ "ሪፈራል ሆስፒታል ስንደርስ ንገረኝ" ብቻ አይበቃም፣ በሩ ላይ ነው ወይስ ከማዶ የምታወርደኝ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ያን አስፋልት ብቻችሁን መሻገር ሌላ ጉዳይ ነው። አስፋልት አልቆ ኮብልስቶን ሲጀምር በመንቀጥቀጡ ወደ ውስጥ መታጠፉን ታውቃላችሁ። መስማት ለተሳናችሁ መድረሻውን ስልክ ላይ ፅፋችሁ አሳዩት፣ ሂሳቡንም በቁጥር ይፃፍላችሁ፣ መውረጃ ላይ ትከሻውን መታ አድርጉት።

ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ከተማው በሰው ስለሚሞላ የሆስፒታል ቀጠሮ ካላችሁ ወይ በሌሊት ውጡ ወይ ቀኑን አስቀይሩ፣ ሐምሌ ላይ ዝናብም ስላለ ትራሱን ፌስታል አልብሱት።

መመለሻውንም ስትወርዱ ከዛው ሹፌር ጋር ተቀጣጠሩ፣ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ባጃጅ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው።