የቅየሳ ድራፍቲንግን ቤት ሆኖ መሥራት፦ ሥራው የት አለ፣ እንዴት ይያዛል

ቀያሽ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ ኦቶካድ (የፕላን መሳያ ሶፍትዌር) መክፈት ይከብደዋል። ቤት ተቀምጦ መሥራት ለሚፈልግ ድራፍተር (ቀያሹ የለካውን ወደ ፕላን የሚስል ባለሙያ) ሥራው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በመሃል አዲስ አበባ ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ተከራይተው በግል የሚሠሩ ቀያሾች ጠዋት አራዳ አንድ ግቢ ለክተው ከሰዓት ቂርቆስ ይደርሳሉ፤ የለኩት ነጥብ ግን ወደ ፕላን የሚለውጠው ሰው አጥቶ ይከማቻል። ስለዚህ «ድራፍተር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ከመጠበቅ እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ማግኘት ይቀድማል። ማስታወቂያ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቢሮው የሚያስቀምጠው ቋሚ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት ነው።

መጀመሪያ የቅየሳ መሣሪያ ወደሚያከራዩና ወደሚጠግኑ ሱቆች ሂዱ። በየሳምንቱ ማን እንደሚከራይ፣ ማን በቡድን እንደሚሠራ ባለሱቁ ያውቃል። አንድ የታተመ ናሙናና ስልክ ቁጥራችሁን ተዉለት። ቀጥሎ በአምስት ኪሎና በልደታ የምህንድስናና የሥነ ሕንጻ ግቢዎች ዙሪያ በፕሎተር (በትልቅ ወረቀት ማተሚያ) የሚያትሙ ቤቶች አሉ፤ ኤ1 ወረቀት ሊያሳትም የሚመጣው ወይ ቀያሽ ነው፣ ወይ አርክቴክት ነው፣ ወይ ተማሪ ነው። አርክቴክቶችን አትናቁ። ዲዛይን ከመጀመራቸው በፊት የቦታው ኮንተር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያያይዝ መስመር) ያስፈልጋቸዋል፤ ቀያሹ የሰጣቸው ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይጸዳ ነው የሚደርሳቸው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የሚወጡ የመንገድና የውኃ መስመር ጨረታዎችንም ተከታተሉ። ያሸነፈው ተቋራጭ በየ20 ሜትሩ ክሮስ ሴክሽን (የመንገዱን አግድም ቁራጭ ሥዕል) እና የአፈር ሥራ መጠን ማቅረብ ሲጀምር እጅ ያጥረዋል፤ ቢሮውን ማንኳኳት ያኔ ነው።

ወቅቱንም እወቁ። በክረምት የመስክ ሥራ ይቀዘቅዛል። ከጥቅምት ጀምሮ ይሞቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ የክፍያ ሰርተፊኬትና የአዝ ቢልት (ሥራው ካለቀ በኋላ እንደተሠራው የሚሳል) ፕላን ጥድፊያ ይመጣል። አዲስ ደንበኛ ለመያዝ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ያ ነው፤ ሌላ ጊዜ «እንደዋወላለን» የሚል ሰው በዚያ ሰሞን ራሱ ይደውላል።

ናሙና ሳትይዙ ለማንም አትደውሉ። ሦስት ወረቀት ይበቃል፦ አንድ የቦታ ፕላን በ1:200 ወይም በ1:500 ባለ ግማሽ ሜትር ኮንተር፣ አንድ የይዞታ ፕላን ከማዕዘን ነጥቦች ሠንጠረዥ፣ ከጎን ርዝመትና ከስፋት ጋር፣ አንድ የመንገድ ፕሮፋይል (በመንገዱ ርዝመት ከፍታውን የሚያሳይ ሥዕል) ከጥቂት ክሮስ ሴክሽኖች ጋር። መረጃውን ከምታውቁት ቀያሽ በፈቃዱ ውሰዱና የባለይዞታውን ስም፣ የቤት ቁጥሩንና ትክክለኛ ኮኦርዲኔቱን (ነጥቡ ያለበትን ቦታ የሚናገሩ ቁጥሮች) አጥፉ። የሌላ ሰው ይዞታ በናሙና ስም ቴሌግራም ላይ ሲዞር ያየ ቀያሽ የራሱን ፋይል አይሰጣችሁም።

መልእክቱ አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ስልክዎን ያገኘሁት ከመሣሪያ አከራዩ ነው። የቅየሳ ፕላን ቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። ከ500 ነጥብ የማይበልጥ የቦታ ፕላን ዛሬ ማታ ከደረሰኝ ነገ ማታ እመልሳለሁ። ሦስት ናሙና አያይዣለሁ። ጊዜ ያጣበበዎት ሥራ ካለ በአንዱ ይሞክሩኝ።»

«በነጻ ሠርተህ አሳየኝ» የሚል ይኖራል። ከመረጃው 50 ነጥብ ወስዳችሁ ብትሠሩ ችሎታችሁ ይታያል፤ ሙሉ ሥራ በነጻ መሥራት ግን ዋጋችሁን ዜሮ ላይ ይተክለዋል።

ለመሣሪያ ብዙ አትጨነቁ። 16 ጊጋባይት ራም ያለውና ኤስኤስዲ የተገጠመለት ኮምፒውተር ይበቃል። መብራት ስለሚጠፋ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ የግድ ነው። የኦቶካድን ራስ ሰር ሴቭ በየ5 ደቂቃ አድርጉት። ሲቪል ስሪዲ የተባለው ሶፍትዌር ለኮንተርና ለክሮስ ሴክሽን ይመቻል፤ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ደግሞ በነጻ የሚገኝ ሆኖ የኮኦርዲኔት ልወጣውን በደንብ ይሠራል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ተመላልሶ የሚመጣ ደንበኛ የሚያስገኘው የመስመሩ ውበት አይደለም፤ መስመር ከመሳላችሁ በፊት መረጃውን መመርመራችሁ ነው። ቀያሹ ያላየውን ስህተት ባለጉዳዩ ፊት ሳይቀርብ በፊት የነገራችሁት ቀን ሌላ ድራፍተር መፈለግ ያቆማል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዳተሙ (ኮኦርዲኔቱ የሚሰላበት መነሻ ሥርዓት) ምንድን ነው የሚለው ነው። ቆየት ባሉ የአዲስ አበባ ይዞታ ካርታዎች ላይ ያለው ኮኦርዲኔት ብዙ ጊዜ አዲንዳን በሚባለው አሮጌ ዳተም ነው፤ ጂፒኤሱ የሚሰጠው ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84። ሁለቱም በዩቲኤም (በሜትር በሚለካ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ስለሚጻፉ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ያው ነጥብ በደብሊውጂኤስ 84 ሲጻፍ የምሥራቅ ቁጥሩ ከ90 ሜትር በላይ፣ የሰሜን ቁጥሩ ከ200 ሜትር በላይ ይጨምራል። የአዲንዳኑን ቁጥር እንዳለ ሳተላይት ምስል ላይ ብትጥሉት ግቢው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄዶ የሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ያርፋል። በዓይን እየገመታችሁ አትግፉት። ኪውጂአይኤስ ላይ ለአዲንዳን ኢፒኤስጂ (የኮኦርዲኔት ሥርዓቱ መለያ ቁጥር) 20137፣ ለደብሊውጂኤስ 84 ኢፒኤስጂ 32637 መርጣችሁ ለውጡ፤ ከዚያም ቀያሹ የተነሣበትን የታወቀ ነጥብ በሁለቱም አስልታችሁ አመሳክሩ።

ሁለተኛው የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ነው። አንዱ መሣሪያ ሰሜንን አስቀድሞ ያወጣል፣ ሌላው ምሥራቅን። አዲስ አበባ መሃል ላይ ሁለቱም ባለ ስድስት አሃዝ ስለሆኑ ዓይን አይይዘውም፤ ፒያሳ አካባቢ ምሥራቁ 472,000 ገደማ፣ ሰሜኑ 998,000 ገደማ ነው። በ47 የሚጀምረው ምሥራቅ፣ በ99 የሚጀምረው ሰሜን ነው ብላችሁ ያዙት። ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ስትወጡ ሰሜኑ 1,000,000ን አልፎ ሰባት አሃዝ ይሆናል። እዚያ ወሰን ላይ የተለካ ሥራ ሲመጣ ሠንጠረዡ የመጀመሪያውን አሃዝ ቆርጦት እንደሆነ ተመልከቱ፤ ከተቆረጠ ግማሹ ነጥብ ሚሊዮን ሜትር ርቆ ይወድቃል።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። መሃል ከተማው በ2,300ዎቹና በ2,400ዎቹ ሜትር ውስጥ ነው። ከፍታው ዜሮ የሆነ አንድ ነጥብ ብቻ በዙሪያው ያለውን ኮንተር ጥቁር ያደርገዋል፤ እሱ ቶሎ ይታያል። አደገኛው የማይታየው ነው። የፕሪዝሙ (የቶታል ስቴሽኑን ጨረር የሚመልሰው መስታወት) ዘንግ ከ1.50 ወደ 2.00 ሜትር ከፍ ብሎ መሣሪያው ላይ ሳይመዘገብ ሲቀር ከዚያ በኋላ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ሜዳ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ኮንተሮች ቀጥ ባለ መስመር ተጠጋግተው ካያችሁ ነጥቦቹን በቁጥር ቅደም ተከተል ደርድሩና ዝላዩ ከስንተኛው ቁጥር እንደጀመረ ለቀያሹ ንገሩት። ራሳችሁ አታስተካክሉት፤ ዘንጉ መቼ ከፍ እንዳለና መቼ እንደወረደ የሚያውቀው እሱ ነው።

አራተኛው ብዙ ድራፍተር የማያውቀው ነው። ቶታል ስቴሽን የሚለካው መሬት ላይ ያለውን ርቀት ሲሆን ዩቲኤም ደግሞ የካርታ ርቀት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ ለዞኑ ማዕከላዊ መስመር ስለቀረበች፣ ሁለቱ ምክንያቶች ተደምረው 1 ኪሎ ሜትር የመሬት ርቀት በዩቲኤም 999.23 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ100 ሜትር ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። 500 ካሬ የሆነ ግቢ በካርታ ርቀት ሲሰላ 499.2 ካሬ ይወጣል። ባለይዞታው ቦታዬ ጎደለ ብሎ የሚጨቃጨቀው አንዳንዴ በዚህች ነው። ስለዚህ ቀያሹን «መሣሪያው ላይ ስኬል ፋክተር (የመሬት ርቀትን ወደ ካርታ ርቀት የሚለውጥ ማባዣ) ገብቷል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተጠቀማችሁበትንም ርቀት ፕላኑ ላይ በግልጽ ጻፉ።

መሳል ስትጀምሩ የአራዳ ግቢዎች የራሳቸው ፈተና አላቸው። ተዳፋት በሆነው ቦታ ላይ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ይበዛል። ግንቡን በአንድ መስመር ከሳላችሁት ኮንተሩ ግድግዳውን እንደ ለስላሳ ቁልቁለት ያሳየዋል። የላይና የታች ጠርዙን በሁለት ብሬክላይን (የመሬቱ ተዳፋት በድንገት የሚለወጥበትን ቦታ የሚያሳይ መስመር) ለዩት፤ ሁለቱ መስመሮች ልክ አንዱ በሌላው ላይ ከወደቁ ሶፍትዌሩ ስለሚጋጭበት የታችኛውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ አውጡት። ሶፍትዌሩ ነጥቦችን አያይዞ ከግቢው ውጭ የሚዘረጋቸውን ረጃጅም ትሪያንግሎች (ሦስት ማዕዘኖች) በወሰን መስመር ቁረጡ፣ አለዚያ ያልተለካ መሬት ላይ ኮንተር ይፈጠራል። ቤቶቹ ተጣብቀው በተሠሩበት ሰፈር ደግሞ ነጥቡ የተወሰደው ከግድግዳው ጥግ ነው ወይስ ከቆርቆሮው ጠርዝ ብላችሁ ጠይቁ። የቆርቆሮው ክፈፍ ግማሽ ሜትር ሊወጣ ይችላል፤ በጎረቤታሞች መሃል ግማሽ ሜትር የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

ለጽሑፍ ቁመት ቀላል ስሌት አለ፦ ወረቀት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር እንዲታይ ከፈለጋችሁ በ1:500 ሥራ 1.25 ሜትር፣ በ1:1000 ደግሞ 2.5 ሜትር አድርጉት። የአማርኛ ጽሑፍ በኤስኤችኤክስ (የኦቶካድ የራሱ) ፎንት ከጻፋችሁ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይወጣል። ኒያላን ወይም ሌላ የዩኒኮድ ፎንት ተጠቀሙ፤ በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ከመጣላችሁ ፎንቱን መቀየር ብቻ ስለማይበቃ እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ነው። ስታስረክቡ ፋይሉን በኦቶካድ 2013 ቅርጽ ሴቭ አድርጉ፤ ቀያሾች አሮጌ ኦቶካድ ይዘው ይቆያሉ። ፒዲኤፍ ሁልጊዜ አብሮ ይሂድ። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ ሥዕሉን እንደ ፎቶ አትላኩ፣ እንደ ፋይል ላኩ።

አንድ ነገር ላይ ግን አትደራደሩ። «ካርታው 175 ካሬ ነው የሚለው፣ አንተም 175 አድርገው» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ነጥብ አትግፉ። የተለካው 171.6 ከሆነ 171.6 ጻፉ። ወሰንን የሚያረጋግጠውና ይዞታን የሚመዘግበው በሕግ መሠረት የሚመለከተው የመንግሥት አካል ነው፤ ለልኬቱ ኃላፊ ደግሞ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ነው። ድራፍተር የሰው መረጃ ይስላል፤ አይፈርምም፣ ማኅተም አያሳርፍም። የተገፋ ነጥብ የሚጎዳው ግንቡን አፍርሶ እንዲመልስ የሚታዘዘውን ሰው ነው።

ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት ጊዜያችሁን ለኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሥራዎች በሰዓት መዝግቡ፦ መረጃ ማጣራት ስንት፣ መሳል ስንት፣ እርማት ስንት። ኮድ (ነጥቡ የምን እንደሆነ የሚናገር ምልክት) የተሰጣቸው 400 ነጥቦች ኮድ ከሌላቸው 150 ነጥቦች ይልቅ ቶሎ ያልቃሉ፤ ስለዚህ በካሬ ሜትር ብቻ አትዋዋሉ። ስኬች (ቀያሹ መስክ ላይ በእጁ የሳለው ንድፍ) ያለውና የሌለው ሥራ ዋጋው የተለያየ ይሁን። ከማታውቁት ሰው ግማሹን ቅድሚያ ተቀበሉ። ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ እንደሆነ፣ አዲስ ነጥብ ከመጣ ግን አዲስ ሥራ እንደሆነ መጀመሪያ በጽሑፍ ተስማሙ። እስኪከፈል ድረስ ፒዲኤፉን ብቻ ላኩ። ከድርጅት ጋር ስትሠሩ ደረሰኝ ይጠየቃል፣ ቅድመ ግብርም ይቆረጣል፤ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር የሌለው ሰው ላይ የሚቆረጠው ብዙ ስለሆነ ቲንና ንግድ ፈቃድ ከመጀመሪያው ትልቅ ሥራ በፊት ይውጣ።

የውጭ አገር ሥራ የሚመጣው እጃችሁ ከተፍታታ በኋላ ነው። ኒው ዮርክ ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እነሱ ተኝተው እናንተ ትሠራላችሁ፤ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ሥራው በፉት ነው፤ ፉቱም ሁለት ዓይነት ነው። የአሜሪካ የቅየሳ ፉት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከአገልግሎት እንዲወጣ ቢወሰንም በአሮጌ ፕላኖች ላይ አሁንም አለ። የሁለቱ ልዩነት በሚሊዮን 2 ብቻ ነው፤ 2,000,000 ፉት በሆነ ኮኦርዲኔት ላይ ግን 4 ፉት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። የውጭ ምንዛሪው በምን መንገድ እንደሚገባም ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ባንካችሁን ጠይቁ። በተሰበረ ሶፍትዌር የተሠራ ፋይል ለውጭ ድርጅት አትላኩ፤ ውሉ ላይ ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር የሚል ነጥብ ሊኖር ይችላል።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ክፈቱ፦ የመጣው ጥሬ መረጃ ሳይነካ፣ ያጣራችሁት፣ የተላከው ፕላን፣ የተጠየቁና የተመለሱ ጥያቄዎች። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀያሹ ደውሎ «ያቺ የካዛንቺስ ግቢ ሰሜን ምሥራቅ ጥጓ ስንት ነበር?» ሲላችሁ በአምስት ደቂቃ መልሱት።