ለረጅም ጊዜ ከወሰዳችሁት የህመም ማስታገሻ በሀኪም ክትትል እንዴት እረፍት መውሰድ ይቻላል

ወገቡን፣ ጉልበቱን ወይ ራሱን ለአመታት ሲያመው የኖረ ሰው አንድ ቀን ይነሳና "በቃ ይሄን ክኒን ልተወው" ይላል። ጨጓራው አስቸግሮት ሊሆን ይችላል፣ ወይ ዶዙ እየጨመረ ህመሙ ግን እዛው ሆኖበት፣ ወይ ደሞ ክኒኑ ያለቀበት ቀን ሲያልበውና እንቅልፍ ሲያጣ አይቶ ደንግጦ። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ አደጋው ያለው በአንድ ቀን ቁርጥ አድርጎ መተው ላይ ነው። እዚ የምፅፈው ከሀኪም ጋር ሆኖ ቀስ እያሉ መቀነስን፣ ሰውነት ያለመድሃኒቱ እንዴት እንደሚሆን ማየትን፣ ከዛ መቀጠል ወይ መተውን መወሰንን ነው። እርጉዝ የሆነች፣ የካንሰር ህመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን ህመሙን ከሚከታተለው ስፔሻሊስት ጋር ሳይነጋገር አንዲት ክኒን እንኳ እንዳይቀንስ።

1. የምትወስዱትን በስሙ እወቁ

ቤት ያለውን መድሃኒት ሁሉ፣ መርፌውንም ቅባቱንም ጭምር፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ወደ ፋርማሲስት ወይ ሀኪም ውሰዱ። "ነጯ ክኒን" ማለት አይበቃም ምክንያቱም አቋራረጡ እንደመድሃኒቱ አይነት ይለያያል።

ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያሉ መቀነስ ሳያስፈልግ ማቆም የሚቻልባቸው ናቸው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ችግራቸው ሌላ ነው፣ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ በተለይ ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨመርበት ኩላሊቱ በጣም ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚ የእነዚ ሰዎች እረፍት ባይዘገይ ጥሩ ነው።

ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን ግን ሰውነት የሚለምዳቸው ናቸው፣ በድንገት አይቆሙም። ብዙ ሰው ትራማዶልን እንደ ቀላል ማስታገሻ ያየዋል፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው፤ ከሞርፊን ወገን ከመሆኑ ሌላ እንደ ድብርት መድሃኒት አይነት ስራም አእምሮ ላይ ይሰራል፣ ስለዚ በድንገት ሲቆም ከላቡና ከቁርጠቱ በላይ ከባድ ጭንቀት፣ መደናገር፣ አንዳንዴም የሌለ ነገር ማየት ያመጣል። ለነርቭ ህመም የሚታዘዙት ጋባፔንቲን፣ ፕሬጋባሊንና አሚትሪፕቲሊንም ቀስ ተብሎ ነው የሚቀነሱት። ፕሬድኒሶሎን ወይ ዴክሳሜታዞን ለመገጣጠሚያ ተብሎ ከሶስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ደሞ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መስራት ስለሚያቆም በድንገት ቢተው ግፊቱ ወርዶ ለህይወቱ የሚያሰጋ ነገር ሊደርስበት ይችላል።

2. ሁለት ሳምንት መዝግቡ

ደብተርም ይሁን ስልክ፣ የቱን መድሃኒት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት እንደወሰዳችሁ፣ ህመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደነበር፣ የዛን ቀን ምን መስራት እንደቻላችሁ ፃፉ። የመጨረሻዋ ነገር ከቁጥሩ በላይ ትጠቅማለች፣ ህመሙ 6 ሆኖ ገበያ ደርሶ መምጣትና 6 ሆኖ አልጋ ላይ መዋል አንድ አይደሉም።

ራስ ምታት ያለባችሁ በወር ስንት ቀን ማስታገሻ እንደወሰዳችሁ ቁጠሩ። እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያለ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዛ በላይ፣ ትራማዶል ወይ ካፌይንና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ክኒን ከሆነ 10 ቀንና ከዛ በላይ፣ ይሄ ከሶስት ወር በላይ ከቀጠለና ራስ ምታቱ ወሩን ግማሽ ከያዘ፣ ራስ ምታቱን የሚያመጣው ራሱ መድሃኒቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ማቆሙ ራሱ ህክምና ነው፣ የሚወስደው ትራማዶል ከሆነ ግን ቀስ እያለ ነው የሚያቆመው። መጀመሪያ ከ2 እስከ 10 ቀን ብሶ ከዛ ይለቃል፣ ሀኪሙም መከላከያ የሚሆን ሌላ መድሃኒት ሊያዝ ይችላል።

3. ከሀኪሙ ጋር ፕላን አውጡ

መዝገቡን ይዛችሁ ሂዱና በስንት ልቀንስ፣ በየስንት ጊዜው፣ ሲብስብኝ ምን ላድርግ፣ ለማን ልደውል ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በወረቀት ተቀበሉ። የአሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2019 የሞርፊን ወገን የሆኑትን መድሃኒቶች በድንገት ማስቆም ከባድ ጉዳት እንደሚያመጣ፣ ራስን እስከማጥፋት እንደሚያደርስም አስጠንቅቋል፣ የአሜሪካ የጤና ተቋም የሲዲሲ የ2022 መመሪያ ደሞ እነዚሁን አንድ አመትና ከዛ በላይ ለወሰደ ሰው በወር 10 በመቶ ወይ ከዛም ቀስ ያለ ቅነሳ ይሻላል ይላል።

አሁን ይሄን ወደ ተግባር እናምጣው። ባለ 50 ሚሊግራም ትራማዶል በቀን አራት ጊዜ የሚወስድ ሰው 200 ሚሊግራም ነው የሚወስደው፣ 10 በመቶው 20 ነው፣ ካፕሱሉ ግን 50 ነው። አንዷን ካፕሱል መተው ሩቡን በአንዴ መቀነስ ነው፣ ለአንዳንዱ ሰው ምንም አይልም፣ ለአመታት ለወሰደ ሰው ግን ሊከብድ ይችላል። ካፕሱል ከፍታችሁ ዱቄቱን በግምት አትክፈሉ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀውን ረጅም ሰዓት የሚቆይ ክኒንም አትስበሩት፣ መድሃኒቱን ሁሉ በአንዴ ይለቀውና አደጋ ያመጣል። በየት በኩል ትንሽ ትንሽ መቀነስ እንደሚቻል፣ ጠብታ ይሁን የሚከፈል ክኒን ወይ ረዘም ያለ ጊዜ ጠብቆ አንዷን መተው፣ ሀኪሙና ፋርማሲስቱ ናቸው የሚወስኑት። "ዝም ብለህ ዛሬውኑ ተወው" የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ሀኪም አማክሩ። የሚያዝላችሁ አንድ ሀኪም፣ የምትገዙበትም አንድ ፋርማሲ ይሁን።

4. ጊዜውን ምረጡ

ሀዘን፣ ፈተና፣ ቤት መቀየር ባለበት ወር አትጀምሩ። የሁዳዴ ፆምና ረመዳን ላይ ውሃም ምግብም ስለሚዘገይ መጀመሪያው ላይ ባይገጣጠም ይመረጣል፣ ከገጠመ ደሞ ከሀኪሙም ከንስሃ አባታችሁ ወይ ከሼሁም ጋር ተነጋገሩ። ቡናውንም አብሬ ልተው አትበሉ፣ ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ በማግስቱ ራሱን ስለሚያመው የቱ ከየት እንደመጣ አታውቁም። ወደ ኤምሬትስ የምትጓዙ ካላችሁ ትራማዶል እዛ ቁጥጥር ያለበት መድሃኒት ነው፣ ያለቅድመ ፈቃድ ይዞ መግባት ጣጣ አለው፤ ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ለማቆም ከመሯሯጥ ከወራት በፊት ለሀኪማችሁ ንገሩት።

5. የቅነሳው ቀናት

በየቅነሳው ማዛጋት፣ ንፍጥና እንባ፣ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ እግር ማሳረፊያ ማጣትና እንቅልፍ እምቢ ማለት ሊመጣ ይችላል። አሮጌው ህመምም ለጥቂት ቀን ይነሳል፣ ይሄ በሽታው ባሰ ማለት አይደለም። አብዛኛው በቀናት ውስጥ ይቀላል፣ እንቅልፉ ግን ይዘገያል። ለተቅማጡ ኦአርኤስ ጠጡ፣ ለወገብና ለጉልበት ሞቅ ያለ ጨርቅና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መራመድ፣ ፊዚዮቴራፒ ካገኛችሁ እሱ። ከከበዳችሁ ለሀኪሙ ደውላችሁ ያላችሁበት ዶዝ ላይ መቆየት ትችላላችሁ፣ ይሄ ሽንፈት አይደለም፣ ቸኩሎ ወደላይ ከመመለስ በጣም ይሻላል። አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ ያልታዘዘላችሁ ዲያዜፓም በዚ ሰሞን አይነካም፣ ከትራማዶልና ከሞርፊን ጋር ሲደባለቁ ትንፋሽ ያዘጋሉ።

ሰውነት ሲንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ማየት ሲጀምር፣ ራስን ሲስቱ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ወይ ራስን የማጥፋት ሀሳብ ሲመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሜሪካ 911።

6. ከእረፍቱ በኋላ

ህመሙ ያው ከሆነ ወይ ከቀለለ መድሃኒቱ ያን ያህል እየረዳችሁ አልነበረም ማለት ነው፣ ሳይመለሱ መቀጠል ይቻላል። ከሳምንታት በኋላም መራመድ፣ መስራት ያቃተው ሰው መድሃኒቱ ያስፈልገው ይሆናል፣ በዚ ማንም ሊያፍር አይገባም፣ ምናልባት ባነሰ ዶዝ ይበቃዋል።

ይቺን ግን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቃት፦ ሰውነት ካረፈ በኋላ የድሮውን ዶዝ አይችለውም። ድሮ ምንም ያላደረገው ሞርፊን ወይ ትራማዶል ከእረፍት በኋላ በአንዴ ሲወሰድ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፣ ስለዚ እንደገና መጀመር ካለበት ሀኪሙ ከትንሹ ነው የሚያስጀምረው። አሜሪካ ያላችሁ፣ የሞርፊን ወገን መድሃኒት በዝቶ ትንፋሽ ሲያቆም የሚያነቃው ናሎክሶን የአፍንጫ ስፕሬይ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ፋርማሲ ይሸጣል፣ ገዝታችሁ አስቀምጡና አጠቃቀሙን ለቤተሰብ አሳዩ። የተረፈውን ክኒን ደሞ ኮመዲኖ ውስጥ አታቆዩት፣ ወደ ገዛችሁበት ፋርማሲ ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ።