አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመርጡ ከሆነ፦ ከምዝገባ እስከ ቆጠራ ማሽኑ

የዜግነት ቃለ መሃላ የተፈጸመ ዕለት ሁሉም ፎቶ ይነሳል፣ ትንሿን ባንዲራ ያውለበልባል፣ ከዚያ ፓስፖርት ለማውጣት ይሮጣል። ምርጫው "ይደርሳል" ይባልና ኖቬምበር ከች ሲል ግርግር ይሆናል። እዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። እገሌን ምረጡ የሚል የለበትም፣ አትፈልጉት።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙ። አሜሪካ እንደ እኛ ሀገር ምርጫውን ሁሉ የሚያስፈጽም አንድ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የላትም። ለፕሬዚዳንት የሚሰጠው ድምፅ እንኳ የሚሰበሰበውና የሚቆጠረው በየስቴቱ ሕግ፣ በየአካባቢው ቢሮ ነው። ስለዚህ ዳላስ ያለው የአክስታችሁ ልጅ በቴሌግራም የላከላችሁ መመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ላይሠራ ይችላል። የመጨረሻውን ቃል የምትሰሙት ከራሳችሁ ካውንቲ ወይም ስቴት የምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ነው።

1. መጀመሪያ፣ መምረጥ ትችላላችሁ ወይ?

18 ዓመት የሞላው ሲቲዝን መሆን አለባችሁ። ግሪን ካርድ አይበቃም። ይሄንን የማያውቅ የለም ትሉ ይሆናል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ሆን ብሎ ሳይሆን መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ነው። በ1993 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት በአብዛኞቹ ስቴቶች ዲኤምቪ፣ ማለትም የመንጃ ፈቃድ ቢሮው፣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ለመጣ ሰው በዚያው የመራጭነት ምዝገባ ያቀርብለታል። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ ወረፋው ሰልችቶት፣ የጸሐፊዋ እንግሊዝኛ ፈጥኖበት፣ የተጠየቀውን ሁሉ "የስ" እያለ ያልፋል፤ "የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?" የሚለውም በዚያው ይታለፋል። ከዚያ የመራጭ ካርድ በፖስታ ይመጣል። "መንግሥት ራሱ ላከልኝ እኮ" ብሎ ይመርጣል።

ኤን 400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ላይ ግን "ተመዝግበህ ታውቃለህ? መርጠህ ታውቃለህ?" የሚል ጥያቄ አለ። በ1996 የወጣ ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱን እስከ አንድ ዓመት እስር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፤ ከሀገር እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። "አላወቅኩም ነበር" ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ሲቲዝን ሳትሆኑ ካርዱ ከመጣላችሁ አትምረጡበት። ቀዳችሁ ጥላችሁም አትርሱት። ይዛችሁት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂዱ።

እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክ ሲቲዝን ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማው ምርጫ ማሳተፍ ከጀመረች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ዋሽንግተን ዲሲም ምክር ቤቱ በ2022 ባጸደቀው ሕግ ተመሳሳይ መንገድ ከፍታለች። ይሄ ለከተማ ምርጫ ብቻ ነው፣ ለፕሬዚዳንት አይሠራም። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የዜግነት ማመልከቻ ልታስገቡ ያሰባችሁ ሰዎች ጠበቃ ሳታማክሩ ባትነኩት ይሻላል። በግሪን ካርዳችሁ ሌላ ብዙ ማድረግ ትችላላችሁ። ለምትደግፉት ዕጩ በፈቃደኝነት በር ማንኳኳትም ሆነ ከኪሳችሁ ማዋጣት የፌዴራል ሕግ ይፈቅድላችኋል።

2. ተመዝገቡ፣ ስማችሁን ደግሞ አስተካክሉ

ከሰሜን ዳኮታ በቀር ሁሉም ስቴት ያስመዘግባል። በአብዛኛው በኢንተርኔት ይቻላል፣ ቴክሳስ ግን ፎርሙን ሞልታችሁ እንድትልኩ ትፈልጋለች። ዋናው ነገር ቀነ ገደቡ ነው። ቴክሳስ ከምርጫው 30 ቀን በፊት ትዘጋለች፣ ካለፈ አለፈ ነው። ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ደግሞ በምርጫው ዕለት ሳይቀር ያስመዘግባሉ፣ የመኖሪያ ማስረጃ ይዛችሁ ከሄዳችሁ።

አሁን ወደ ስም። የእኛ ስም ለፈረንጅ ፎርም አልተሠራም። አንዱ ወረቀት ላይ በ"ዋይ" ያለቀው ስም ሌላው ላይ በ"አይ" ያልቃል። ገብረ ማርያም አንድ ቦታ ባንድ ላይ ይጻፋል፣ ሌላ ቦታ "ገብረ" መካከለኛ ስም ሆኖ "ማርያም" ብቻውን የቤተሰብ ስም ይሆናል። የምዝገባ ቢሮው የሚያመሳክረው ከመንጃ ፈቃዳችሁ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። ዜግነት ስትወስዱ ስም ያስቀየራችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ዲኤምቪ፣ ከዚያ ምዝገባ።

ስትጨርሱ በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን ፈልጉ። ከወጣ ተመዝግባችኋል።

"ከተመዘገብኩ ጁሪ ይጠሩኛል"፣ ማለትም ፍርድ ቤት ቀርቤ ከሌሎች ዜጎች ጋር ፍርድ እንድሰጥ ያዙኛል ብሎ የሚፈራ ሰው አለ። ብዙ ቦታ ጁሪ የሚጠራው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ጭምር ስለሆነ በዚህ አታመልጡም።

3. ፓርቲ መምረጥ ግድ ነው?

እንደ ስቴቱ ነው። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ኔቫዳ ውስጥ በፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎቹ የራሳቸውን ዕጩ በሚለዩበት ዙር ለመምረጥ፣ በዚያ ፓርቲ ስም መመዝገብ አለባችሁ። ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያና ቴክሳስ ውስጥ የፓርቲ ምዝገባ የለም፤ ጣቢያው ሄዳችሁ የአንዱን ወረቀት ትጠይቃላችሁ። በኖቬምበሩ ምርጫ ላይ ግን የየትም ፓርቲ ብትሆኑ የፈለጋችሁትን ነው የምትመርጡት፣ ማንም አይጠይቃችሁም።

ዲሲ ለምትኖሩ ፕራይመሪው ከኖቬምበሩ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይደለም። ከተማዋ ከንቲባዋን ራሷ መምረጥ ከጀመረችበት ከ1974 ወዲህ ዴሞክራት ያልሆነ ከንቲባ መርጣ አታውቅም። ሽኩቻው የሚያልቀው ፕራይመሪው ላይ ነው።

4. ወረቀቱን ቤት ውስጥ አጥኑት

አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለላይኛው መስመር ነው። ፕሬዚዳንቱን ያጠቁርና ቀና ሲል ወረቀቱ ገና አላለቀም። ሴኔት፣ ኮንግረስ፣ ሸሪፍ፣ ስኩል ቦርድ፣ አንዳንድ ቦታ ዳኛም አለ። ከታች ደግሞ "ካውንቲው ይሄን ያህል ሚሊዮን ዶላር ይበደር ወይ?" ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፣ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ። እዚያ ቆሞ ማንበብ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የናሙና ወረቀቱን፣ ሳምፕል ባሎት የሚሉትን፣ ከምርጫ ቢሮው ድረ ገጽ አውርዳችሁ ማታ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡበት። የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት በጀትና የቤት ታክሳችሁን የሚነካው ከዋይት ሐውስ ይልቅ ይሄ የታችኛው ክፍል ነው።

የመረጣችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ላይ አትተማመኑ። ለምሳሌ ቴክሳስ ውስጥ ከድምፅ መስጫው በ100 ጫማ ርቀት ውስጥ ስልክ መጠቀም ክልክል ነው።

5. መቼ ነው የምትመርጡት?

የምርጫው ቀን ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ ነው፣ በእኛ ጥቅምት ማብቂያ ላይ። ከ1845 ጀምሮ እንዲህ ነው። ገበሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ሰኞ በጋሪ ተጉዞ፣ ማክሰኞ እንዲደርስ ታስቦ ነው ይባላል። ዛሬ ጋሪው የለም፣ ማክሰኞው ግን ዛሬም እንዳለ ነው። የሥራ ቀን ነው። ኡበር ለሚነዳ፣ ሆስፒታል የ12 ሰዓት ሺፍት ላለው ሰው አይመችም።

ስለዚህ አርሊ ቮቲንግን፣ ከምርጫው ቀን በፊት ጣቢያ ሄዶ መምረጥን፣ ተጠቀሙ። ቨርጂኒያ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ትጀምራለች፤ ሜሪላንድ ስምንት ቀን ትሰጣለች፣ ቅዳሜና እሁድ ይገኝበታል። ሰልፉ አጭር ነው፣ ስማችሁ ላይ ችግር ቢኖር ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ አላችሁ።

በፖስታ የምትመርጡ ከሆነ ለፊርማችሁ ተጠንቀቁ። እንደ ኔቫዳና ዋሽንግተን ያሉ ስቴቶች ወረቀቱን ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ቤቱ ድረስ ይልካሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ፖስታው ላይ ያለውን ፊርማ መዝገባቸው ውስጥ ካለው ጋር ያስተያያሉ። እኛ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ላይ በአማርኛ "አበበ" ብለን ፈርመን ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ እናንቀረቅባለን። ያኔ ወረቀቱ ወደ ጎን ይቀመጥና ያንተ መሆኑን አረጋግጥ የሚል ደብዳቤ፣ ስልክ ወይም መልእክት ይመጣል። ይሄን መልእክት ማጭበርበሪያ ነው ብላችሁ አታጥፉት። ከተጠራጠራችሁ ራሳችሁ ካውንቲው ጋ ደውሉ፣ ምክንያቱም ያልተስተካከለ ፊርማ ያለው ድምፅ አይቆጠርም። ፖስታውን ከመጨረሻው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ላኩት፣ ወይም የካውንቲው መቀበያ ሳጥን ውስጥ ራሳችሁ ክተቱት።

6. ጣቢያው ላይ

መታወቂያ ያዙ። የትኛው እንደሚያስፈልግ ስቴት ከስቴት ይለያያል። ቴክሳስ ፎቶ ያለበት የዜግነት ሰርተፊኬት ትቀበላለች፣ የጦር መሣሪያ ፈቃድም ትቀበላለች፣ የተማሪ መታወቂያ ግን አትቀበልም። (ቴክሳስ ቴክሳስ ናት።) የዕጩ ስም ያለበት ቲሸርትና ኮፍያ ቤት ይቅር፣ ብዙ ስቴት ጣቢያው ውስጥ ይከለክላል።

እናታችሁ ሲቲዝን ናቸው እንበል፣ እንግሊዝኛ ግን ማንበብ አይችሉም። እሳቸውም ይመርጣሉ። የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ ማንበብ ለማይችል ወይም የአካል ጉዳት ላለበት ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ልጅም ሆነ ጎረቤት ይችላል፤ የማይፈቀድላቸው አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ናቸው። ረዳቱ ፎርም እንዲፈርም ሊጠየቅ ይችላል። አደራ፣ እማማ ያሉትን ነው የምትሞሉላቸው፣ እናንተ የምትፈልጉትን አይደለም። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ለሚናገር ሰው አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ከዚያ ወረቀቱ ይሰጣችኋል። ብዙ ቦታ ከስሙ ጎን ያለውን ሞላላ ክብ በጥቁር እስክሪብቶ ሙሉ በሙሉ ማጥቆር ነው። አንዱን ቦታ ባዶ ብትተዉት የቀረው አይበላሽም። አንድ ሰው ብቻ በሚመረጥበት ቦታ ሁለት ካጠቆራችሁ ግን የዚያ ቦታ ድምፃችሁ ወደቀ። ከተሳሳታችሁ አትሰርዙ፣ አስረክባችሁ አዲስ ወረቀት ጠይቁ፣ ይሰጣችኋል።

ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም። በ2017 ቨርጂኒያ ውስጥ ለስቴቱ ምክር ቤት 94ኛ ወረዳ ሼሊ ሲሞንድስና ዴቪድ ያንሲ ተወዳደሩ። ድጋሚ ቆጠራው ሲሞንድስን በአንድ ድምፅ አሸናፊ አደረጋት። በማግስቱ ግን ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት አዩ። መራጩ ሁለቱንም ክብ አጥቁሮ የሲሞንድስ ላይ ሰረዝ አድርጎበታል። ዳኞቹ ለያንሲ ነው ብለው ቆጠሩትና እኩል 11,608 ሆኑ። ከዚያስ? ጃንዋሪ 2018 ላይ የሁለቱ ስም ሳህን ውስጥ ገብቶ ልክ እንደ እቁብ ዕጣ ወጣ፣ ያንሲ ደረሰው። በዚያች ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ 49 ያዙ።

ወረቀቱን ገልብጡ፣ ጀርባው ላይም ጥያቄ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ራሳችሁ ታስገቡታላችሁ። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ሲጨምር ገብቷል ማለት ነው። ስቲከራችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

7. "ስምህ የለም" ከተባላችሁ

ወደ ቤት አትመለሱ። መጀመሪያ ትክክለኛው ጣቢያ ላይ መሆናችሁን አስፈትሹ። ትክክል ከሆነና አሁንም ስማችሁ ከሌለ ፕሮቪዥናል ባሎት ጠይቁ። በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያስገኘው መብት ነው። ድምፃችሁ ለብቻው ታሽጎ ይቀመጣል፣ መመዝገባችሁ ከተጣራ በኋላ ይቆጠራል። በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ውጤቱን የምትጠይቁበት ስልክ ወይም ድረ ገጽ አለ። ማስረጃ ይዛችሁ ኑ ከተባላችሁ ቀኑ አጭር ስለሆነ በማግስቱ ሂዱ።

ሰዓቱ ሲደርስ ሰልፍ ላይ ከነበራችሁም በሩ ቢዘጋ ከሰልፉ አትውጡ። ከመዘጋቱ በፊት የተሰለፈ ሰው ይመርጣል።

አፓርትመንት በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ አድራሻችሁን በስቴቱ የምዝገባ ድረ ገጽ ላይ አስተካክሉ። ፖስታ ቤት ማስቀየር ብቻውን አይበቃም፣ ብዙ ስቴት ውስጥ የምርጫ ወረቀት ወደ አዲስ አድራሻ አይዛወርም፤ ወደ ላከው ቢሮ ነው የሚመለሰው።