ፋርትሌክን አፍላቂው እንዳሰበው ለመሮጥ

ፋርትሌክ ሲባል ብዙ ሯጭ ሰዓቱን ይሞላና አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ እያለ ይደጋግማል። ጥሩ ልምምድ ነው፤ ግን ወደ ኢንተርቫል (በተወሰነ ሰዓት ወይም ርቀት ፈጣን ሩጫንና ማገገሚያን ማፈራረቅ) ያደላል። ቃሉ ስዊድንኛ ሲሆን «የፍጥነት ጨዋታ» ማለት ነው። ዘዴውን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያፈለቀው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ጎስታ ሆልመር ነው። በጊዜው እነ ፓቮ ኑርሚ፣ ፊንላንዳውያኑ፣ የስዊድንን ሯጮች መድረሻ አሳጥተዋቸው ነበር። የሆልመር መላ ሯጩን ከትራክ አውጥቶ ጫካ ማስገባት፣ ፍጥነትንና ጽናትንም በአንድ ሩጫ ማገናኘት ሆነ። በዚህ ዓይነት የጫካ ሩጫ የታወቁት ስዊድናውያን ሯጮች ጉንደር ሄግና አርነ አንደርሾን ከ1942 እስከ 1945 ባለው ጊዜ የማይልን ክብረ ወሰን እየተቀባበሉ ከ4:06.2 ወደ 4:01.4 አወረዱት።

ጨዋታ ተባለ እንጂ ቅደም ተከተል አለው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በሶምሶማ አሟሙቁ። ቀጥሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ሳትቆራርጡ በጠንካራ፣ ግን እኩል በሆነ ፍጥነት ሩጡ። ከዚያ 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። አዎ፣ እርምጃ! ሰው ያየኛል ብሎ ይህን የሚዘል ብዙ ነው፤ የዘለለ ግን ቀጣዩን ክፍል በደከመ እግር ይጀምረዋል።

ቀጣዩ ክፍል ሶምሶማ ነው፤ በመሃል በመሃሉ ከ50 እስከ 60 ሜትር እየተፈተለካችሁ፣ ድካም ሲጀማምራችሁ ታቆማላችሁ። አሁንም ሶምሶማው ሳይቋረጥ አልፎ አልፎ ሦስት አራት ፈጣን እርምጃ ብቻ ጣል አድርጉ፤ ከጎናችሁ ተፎካካሪ ሊያልፋችሁ ሲል እንደምትከለክሉት ማለት ነው። የዘዴው ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለናል፤ እግር በድንገት ፍጥነት መቀየርን የሚለምደው በዚህ ነው። ከዚያ ከ175 እስከ 200 ሜትር የሚሆን ዳገት በሙሉ ኃይል ውጡ፤ ጫፍ ላይ ሳትቆሙ አንድ ደቂቃ በፍጥነት ቀጥሉ። ይህን ሁሉ የተመደበው ሰዓት እስኪያልቅ ትደጋግማላችሁ። ለጀማሪ አንድ ዙር ይበቃዋል፤ ረጅሙን ሩጫ ወደ 800 ሜትር ዝቅ አድርጎ፣ በጠቅላላው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ።

አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት ያ የመጀመሪያው ረጅም ሩጫ ነው። እንደ ውድድር ከሮጣችሁት የኋላው መፈትለክ ወደ መጎተት ይለወጣል፤ ጫማችሁ መሬቱን ሲፍቅ ይሰማችኋል። በአንድ ትንፋሽ አራት አምስት ቃል መናገር ካቃታችሁ በዝቷል፣ ቀንሱ። ሌላው ጥፋት ቁልቁለት ላይ መፈትለክ ነው። በቁልቁለት የታፋ ጡንቻ ሰውነትን ለመያዝ ፍሬን ሆኖ ስለሚሠራ፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ይከብዳል። ቁልቁለቱን ለማረፊያ ተዉት።

አበበ ቢቂላን ያሠለጠነው ኦኒ ኒስካነን ከዚያው ከስዊድን የመጣ ነበር። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ በሰልፍ ሆኖ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ መሮጥ ለእኛ ሯጮች የተለመደ ስለሆነ ጫካው እንግዳ አይሆንባችሁም። በቡድን ስትሮጡ መሪውን በየ5 ደቂቃው ቀይሩ፤ አለዚያ ጨዋታው የአንድ ጉልበተኛ ብቻ ይሆናል፣ የኋለኞቹም ከፊታቸው ያለውን ተረከዝ ሲያዩ የዛፍ ሥር ያደናቅፋቸዋል። እንጦጦ ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። ፍጥነቱን ሳትነኩ በመሃል ያለውን ሶምሶማ አስረዝሙት። በማግስቱ ቀላል ሩጫ ብቻ፤ ሁለተኛ ፋርትሌክ በዚያው ሳምንት የሚገባው፣ ዳገቱን ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ዳገት ልትጨምሩ የምትችሉ ሆኖ ከተሰማችሁ ነው።