ኮምፖዚት ውስጥ የተቀበረ የብራግ ሴንሰር ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ብራግ ሴንሰር በመስታወት ፋይበር ውስጥ የተሠራ፣ አንድ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ክፍል (ግሬቲንግ) ነው፤ ሲለጠጥ ወይም ሲሞቅ የሞገድ ርዝመቱ ይለወጣል። ኮምፖዚቱ እዚህ በሬዚን (ሙጫ) የተያያዙ የካርቦን ክሮች ፓነል ነው። የሴንሰሩን የሞገድ ርዝመት ሦስት ጊዜ መዝግቡ፦ ሳይቀበር፣ ሬዚኑ ከደረቀ በኋላ፣ ፓነሉ ከሻጋታ ሲወጣ። ይህ መዝገብ ከሌለ የሚቀረው ግምት ነው።

ምልክት ጭራሽ የለም

መጀመሪያ ኮኔክተሩን (የፋይበሩን መሰኪያ) እዩ። አረንጓዴው ኤፒሲ ጫፉ 8 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ከሰማያዊው ፒሲ ጋር አይገጥምም። ቆሻሻ ከሆነ ክር በማይተው ጨርቅና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት።

ካልሆነ ቀይ የሌዘር መፈተሻ ላኩበት። ብርሃኑ ብዙ ጊዜ የሚፈሰው ከፓነሉ ጠርዝ ላይ ነው። ሬዚኑ ፋይበሩን ተከትሎ ወጥቶ እዚያው ይደርቃል፤ 125 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ደግሞ አንዴ ከታሰረ ፓነሉን ሲያነሱት ቀጭ ይላል። ከጠርዙ ውጭ ጥቂት ሴንቲሜትር ከተረፈ ልባሱን ልጣችሁ፣ በክሊቨር (በፋይበር መቁረጫ) ቆርጣችሁ፣ እንደገና ስፕላይስ አድርጉት (አቅልጣችሁ ቀጥሉት)። ከጠርዙ እኩል ከተቆረጠ ግን አለቀለት፤ ሌላኛው ጫፍ በወዲያኛው ጎን ወጥቶ ካልሆነ በቀር። ብራግ ሴንሰር ከሁለቱም በኩል ይነበባል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጫፎች አውጡ። መውጫው ላይ ቀጭን የቴፍሎን ቱቦ አልብሱት፣ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፣ አፉም በሲሊኮን ይደፈን።

አንዱ ፒክ ሁለት ሆነ

ፒክ ማለት ሴንሰሩ የሚመልሰው ብርሃን በመለኪያው ላይ የሚያሳየው ሹል ጫፍ ነው። ሬዚኑ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ፋይበሩን ከጎን ይጨምቀዋል፤ ብርሃኑም ለሁለት ይከፈላል። የፖላራይዜሽን (የብርሃኑ የንዝረት አቅጣጫ) መቆጣጠሪያ ስታዞሩ አንዱ ፒክ ሲያድግ ሌላው ካነሰ ምክንያቱ ይኸው ነው። ወደ ኋላ አይመለስም፤ የሁለቱን አማካይ አንብቡ። በሚቀጥለው ፋይበሩን ከካርቦኑ ክሮች ጋር ትይዩ፣ አንድ አቅጣጫ ባላቸው ሁለት ንጣፎች መካከል አስተኙት፤ ተሻግሮ ሲተኛ ግራና ቀኙ ሬዚን ብቻ ይጠራቀምበታል።

ፒኩ ሰፍቶና ተቦጫጭቆ ከታየ ግን ሌላ ነገር ነው፦ በግሬቲንጉ ርዝመት ላይ ስትሬኑ (የመለጠጡ መጠን) እኩል አይደለም። በ10 ሚሊሜትሩ ፈንታ የ3 ሚሊሜትሩን ተጠቀሙ።

ጭነት ሳይኖር ንባቡ ይንሸራተታል

ሙቀት ነው። በ1550 ናኖሜትር አካባቢ ባዶ ፋይበር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 10 ፒኮሜትር፣ በ1 ማይክሮስትሬን (የርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛ መለጠጥ) ወደ 1.2 ፒኮሜትር ይንቀሳቀሳል። የ10 ዲግሪ ለውጥ የሌለ ወደ 80 ማይክሮስትሬን ያሳያል ማለት ነው። ሙቀቱን ብቻ እንዲያነብ፣ ሳይጣበቅ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ ሁለተኛ ሴንሰር ጨምሩ። የተቀበረው ግን ከፓነሉ ጋር አብሮ ስለሚለጠጥ ቁጥሩ ይለያል፤ ፓነሉን ያለ ጭነት ምድጃ ውስጥ አሙቃችሁ የራሱን ቁጥር አውጡ።

ንባቡ ከስትሬን ጌጁ (ፓነሉ ላይ ከሚለጠፈው የመለጠጥ መለኪያ) ያንሳል

የአክሪሌት (የተለመደው ፕላስቲክ) ልባስ ከ85 ዲግሪ በላይ ብዙም አይበረክትም፤ በ120 ወይም በ180 ዲግሪ ሲጋገር ይበላሻል፣ ፋይበሩም ውስጡ ይንሸራተታል፤ የፓነሉ መለጠጥ ሙሉ በሙሉ አይደርሰውም። ፖሊይማይድ (ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ) የለበሰውን እዘዙ።