ስፕሪንግቦርድ፦ ዛፍ ቆራጭ ከፍ ብሎ የሚቆምበትን ሳንቃ መሥራትና መትከል

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከካሊፎርኒያ እስከ ካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ እንዲሁም በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ፣ ግዙፍ ዛፎች በእጅ መጋዝ በሚጣሉበት ዘመን ቆራጮቹ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ቆመው አልነበረም የሚሠሩት። ግንዱ ላይ በመጥረቢያ ኪስ ይፈለፍላሉ፤ ጫፉ ላይ ብረት የተገጠመለት ሳንቃ ኪሱ ውስጥ ይሰካሉ፤ እሱ ላይ ወጥተው ይቆማሉ። ሳንቃው ስፕሪንግቦርድ ይባላል። ምስማር፣ ገመድ፣ ከሥር ድጋፍ የሚባል ነገር የለውም። አጥብቆ የሚይዘው የቆመበት ሰው ክብደት ነው።

ከፍ ማለት ያስፈለገው በቂ ምክንያት ስለነበረ ነው። ዳግላስ ፈር፣ ቀይ ሴዳር፣ ሲትካ ስፕሩስና ሬድውድ ከሥራቸው በጣም ይሰፋሉ። የሰፋው ክፍል ጭረቱ (የእንጨቱ የቃጫ መስመር) የተጠማዘዘ፣ ሙጫ የበዛበት፣ አንዳንዴም ውስጡ የበሰበሰ ነው። ሙጫ መጋዝ አንቆ ይይዛል፤ ቆራጮቹ ላምባ በጠርሙስ ይዘው መጋዙ ላይ ይረጩ የነበረው ለዚህ ነው። ተዳፋት ላይ ደግሞ በቁልቁለቱ በኩል የቆመ ሰው ቁርጡ ጋ ጨርሶ አይደርስም። ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ማለት እነዚህን ችግሮች በአንዴ ያቃልላል። ዋጋው ጉቶው ላይ የሚቀረው ጥሩ እንጨት ነው፤ ብክነቱም ትንሽ አልነበረም። በአገራችን ባሕር ዛፍ ላይ ይህ መሣሪያ ቦታ የለውም፦ ጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ስለሚፈለግ ወደ መሬት ተጠግቶ መቆረጥ አለበት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሞተር መጋዝ ስፕሪንግቦርድን ከጫካ አስወጣው። ዛሬ በዋናነት የሚገኘው በእንጨት ቆረጣ ውድድር ነው፤ ስቲል ቲምበርስፖርትስ በሚባለው ውድድር ተወዳዳሪው በሁለት ሳንቃ ወጥቶ 2.7 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ምሰሶ አናት ላይ የታሰረውን ግንድ በመጥረቢያ ይቆርጣል። ይህ መመሪያም የተጻፈው በልምምድ ምሰሶ ላይ መማር ለሚፈልግና አሮጌው ሥራ እንዴት ይሠራ እንደነበር በትክክል ማወቅ ለሚፈልግ ነው። የቆመ ዛፍ ለመጣል ይህን ብቻ አንብቦ መነሣት አይገባም።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ሳንቃው መፈንቅል (ሊቨር) ነው። የኪሱ ወለል የውጭ ጠርዝ መደገፊያው ነው፤ ሰውየው ውጭ ሲቆም የሳንቃው የውስጥ ጫፍ ወደ ላይ ይነሣና ብረቱ የኪሱን ጣሪያ ይነክሳል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከግንዱ 80 ሳንቲሜትር ርቆ ቢቆም፣ የብረቱ ጥርስም 10 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ጥርሱ ጣሪያውን የሚገፋበት ኃይል 8 እጥፍ፣ ማለትም 640 ኪሎ ነው። የወለሉ ጠርዝ የሁለቱን ድምር፣ 720 ኪሎ ይሸከማል። ኪሱ 6 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ ጣሪያው ላይ የሚያርፈው ከ1,000 ኪሎ ይበልጣል። ይህም ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆም ነው፤ መጥረቢያ ሲያነሣና ሲያሳርፍ ይጨምራል።

ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ሳንቃው ነው። ሳንቃ ግን ጠዋት ላይ ቁጭ ብሎ ይመረመራል። ኪሱ በየጊዜው አዲስ ነው፤ ሰው የሚወድቀውም ባብዛኛው በእሱ ጥፋት ነው።

ሳንቃው

ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 4.5 ሳንቲሜትር የሆነ ሳንቃ ለአንድ ሰው ይበቃል። የጫካዎቹ ከዚህ የሚረዝሙም ነበሩ፤ ትልቅ ግንድ ዙሪያ ለመንቀሳቀስ ርዝመት ይጠቅማል። ለመውጣት ግን ረጅም ሳንቃ ከባድ ነው፤ ሁለተኛውን ሳንቃ በአንድ እጅ ወደ ላይ መሳብ እንዳለብዎ አይርሱ።

እንጨቱ ቀለል ያለና ጠንካራ ይሁን፤ ስፕሩስ ወይም ዳግላስ ፈር ጥሩ ነው። ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ይህን ለማወቅ የሳንቃውን ጠባብ ጎን ይመልከቱና አንዱን ጭረት በጣትዎ ይከተሉ፤ መስመሩ ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው ገጽ ሾልኮ ከወጣ ሳንቃው አንድ ቀን በዚያው መስመር ይሰነጠቃል፣ ይተዉት። ከብረቱ ጫፍ እስከ 60 ሳንቲሜትር ድረስ ቅርንጫፍ የወጣበት አንጓ መኖር የለበትም። ሳንቃው ሲጫን የሚለጠጠው የላይኛው ገጽ ነውና ከሁለቱ ገጾች ንጹሑን ወደ ላይ ያድርጉ።

ወደ ብረቱ ጫፍ ሲቃረብ ሳንቃውን ወደ 15 ሳንቲሜትር ማጥበብ ይቻላል፤ ኪሱም በዚያው ልክ ይጠባል። ከዚያ በታች ግን አያጥብቡ፣ ምክንያቱም ሳንቃው እጅግ የሚጨነቀው ኪሱ አፍ ላይ ነው።

የብረት ጫማውን ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ያሠሩ። ስፋቱ ከሳንቃው ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፤ ከእንጨቱ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ወደ ፊት ወጥቶ ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፍ። የታጠፈው ጥርስ 1.2 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ይበቃዋል፤ በሞረድ ይሳሉት፣ እንደ ምላጭ ግን አያቅጥኑት፣ ይታጠፋል። ጫማው የሚታሰረው ከሳንቃው በላይ እንጂ ከሥር አይደለም። ከላይ ሲሆን በእንጨቱና በኪሱ ጣሪያ መካከል ይጨመቃል፤ ብሎኖቹ እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዙታል። ከሥር ከታሰረ ያ ሁሉ ኃይል ብሎኖቹን ይጎትታል።

ሦስት ባለ 10 ሚሊሜትር ብሎኖች ያስፈልጋሉ፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ይኑራቸው። ቀዳዳዎቹን በአንድ የጭረት መስመር ላይ አይደርድሩ፣ አዛንፉ። ሁሉም ከሳንቃው ጫፍ በ8 ሳንቲሜትር ውስጥ ይሁኑ፤ ቀዳዳ በኪሱ አፍ ላይ ካረፈ ሳንቃው እዚያው ይሰበራል። የብሎኑ ራስ ከጫማው በላይ እንዳይተርፍ ቀዳዳው አፉ ላይ ሰፋ ተደርጎ ይበሳ።

የሚቆሙበት ገጽ ቫርኒሽ አይቀባ። ርጥብ ቀለም ላይ ደረቅ አሸዋ ነስንሰው ያድርቁት። የጫካዎቹ ቆራጮች ከሥሩ ሹል ብረት ያለው ቡትስ ስለሚያደርጉ እንጨቱን ራሱን ይነክሱ ነበር።

ኪሱ

ከሁሉ በፊት ቅርፊቱን ይላጡ። ያረጀ ዳግላስ ፈርና ሬድውድ ቅርፊቱ እስከ 30 ሳንቲሜትር ሊወፍር ይችላል፤ ቅርፊት ክብደት ሲያርፍበት ይደቃል፣ ሳንቃውም ያዘነብላል። የኪሱ ጥልቀት የሚለካው ከእንጨቱ ገጽ ነው።

ለትልቅ ግንድ ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይያዙ። 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ላለው የልምምድ ምሰሶ 10 ይበቃል፤ ከምሰሶው ሲሶ ካለፉ ምሰሶውን ያዳክማሉ። ወርዱ ከጫማው 3 ሳንቲሜትር ይስፋ፣ ሳንቃው ትንሽ ግራና ቀኝ እንዲዞር። አፉ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይከፈት፤ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሄዶ መጨረሻው ላይ ሳንቃውን ከነጥርሱ የሚያስገባ ብቻ፣ ወደ 7 ሳንቲሜትር ይሁን።

መጀመሪያ የወለሉን መስመር በአግድም ይምቱ፦ አንዱን ማዕዘን፣ ሌላውን ማዕዘን፣ ከዚያ መካከሉን። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች በሰያፍ እየመቱ እንጨቱን ያንሡ። ማዕዘኖቹ ቀድመው ካልተቆረጡ ፍቅፋቂው መካከሉ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ጀማሪ ብዙ ጉልበት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ወለሉ ግራና ቀኝ ፍጹም እኩል ይሁን። አንድ ወገን ዝቅ ካለ ሳንቃው ወደዚያው ያጋድላል፣ ቁርጭምጭሚትዎም ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋር ይታገላል። ከውጭ ወደ ውስጥ ግን ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፤ ሳንቃው ባዶውን ሲሆን የውጭ ጫፉ ቀና ብሎ ይታይ፣ ሲቆሙበት ጎበጥ ብሎ እኩል ይሆናል። ባዶውን እኩል የሆነ ሳንቃ ሲቆሙበት ወደ ውጭ ያንሸራትታል።

ጨርሰው ከመሰካትዎ በፊት መጥረቢያውን አስቀምጠው ጣትዎን ወደ ኪሱ ያስገቡ። ወለሉን ጥረጉ፣ ከዚያ ጣሪያውን በጥፍርዎ ይጫኑ። ጤነኛ እንጨት ጥፍር አያስገባም። ጥፍርዎ ከገባ፣ ወይም ቡናማ ዱቄት ይዞ ከወጣ፣ ኪሱን ይተዉትና ሌላ ቦታ ይፍለፍሉ። ወለሉ ላይ የቀረች አንዲት ፍቅፋቂ እንኳ ክብደት ሲያርፍባት ትደቃለች፤ ሳንቃው በዚያች ልክ ሲላላ ጥርሱ ይለቃል።

በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። በዙሪያው ባሉ ደናማ ፓርኮች ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ የሴዳር ጉቶዎች ኪሳቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ ሴዳር መበስበስን ስለሚቋቋም ነው። ከፍታቸውን ከቁመታችሁ ጋር ስታስተያዩ ቆራጩ የት እንደቆመ ይገባችኋል።

መትከልና መውጣት

ለ2.7 ሜትር ምሰሶ የመጀመሪያው ኪስ 1 ሜትር፣ ሁለተኛው 1.9 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን የሚቆረጠው ግንድ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ መጥረቢያ ለመሰንዘር የሚመቸው ይህ ነው። ሁለተኛውን ኪስ በመጀመሪያው ቀጥታ አናት ላይ አይፈልፍሉ። የምሰሶውን ዙሪያ አንድ ስድስተኛ ያህል ወደ ጎን ያሽሹት፤ አለዚያ የላይኛው ሳንቃ ራስዎ ላይ ይሆናል፣ በሁለቱ ኪሶች መካከል ያለው እንጨትም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሳንቃውን የውጭ ጫፉን ከፍ አድርገው ጫማውን እስከ መጨረሻ ያስገቡ። ከዚያ የውጭ ጫፉን በሁለት እጅ በኃይል ወደ ታች ይጫኑ። ጥርሱ እንጨት ሲነክስ ድምፁ ይሰማል፣ እጅም ላይ ይታወቃል። ወደ ራስዎ ይጎትቱት፤ ከተንቀሳቀሰ አልያዘም። ከያዘ በደረትዎ ተጭነው ሁለት ሦስት ጊዜ ያርገብግቡት። ከዚህ በኋላ ነው የሚወጣው።

ሲወጡ ክብደትዎ ከጫፉ ሳይሆን ወደ ግንዱ ቀረብ ብሎ ይረፍ። ከቆሙ በኋላ ሳንቃው ክብደት ማጣት የለበትም፦ ከተዘለለበት ወይም አንድ ሰው ከሥር ጫፉን ካነሣው ጥርሱ ይለቃል። የድሮዎቹ ቆራጮች ሳንቃው ላይ እንደቆሙ ትንሽ ብድግ ብለው በእግራቸው ያዞሩት ነበር። ይህን ግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ ሳይለማመዱ ከፍ ብሎ መሞከር አጥንት ያሰብራል።

ወደ ሁለተኛው ሳንቃ ሲሸጋገሩ መጥረቢያው እጅዎ ላይ አይሁን፤ ከራስዎ በላይ ግንዱ ላይ ይትከሉት። ከሥር ምንም ሰው፣ ድንጋይ ወይም ሌላ ስለት አይኑር። ለመዝለል የሚሆን ንጹሕ መሬት ቢያንስ 3 ሜትር ዙሪያውን ያዘጋጁ። ሄልሜትና ወፍራም ቡትስ የግድ ነው።

ጫካ ውስጥ ሁለት ቆራጮች በግንዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሳንቃ ተክለው ፊት ለፊት ይሠሩ ነበር። ዛፉ በሚወድቅበት በኩል የፊት ቁርጥ ይወጣል፤ ከዚያ ሳንቃዎቹ ወደ ኋላ ተዛውረው ከጀርባ በረጅሙ መጋዝ ይቆረጣል፣ መጋዙ እንዳይታነቅ ሽብልቅ ይመታል፣ መካከል ላይ ዛፉን እንደ ማጠፊያ የሚመራ ያልተቆረጠ እንጨት ይቀራል። ግንዱ መንጫጫት ሲጀምር ሁለቱም ከሳንቃው ዘለው አስቀድመው በጠረጉት መንገድ ይሸሻሉ። የሚሸሹበት መንገድ ሳይጠረግ የመጀመሪያዋ ኪስ አትፈለፈልም።

ሲበላሽ

ሳንቃው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ከተንሸራተተ ጥርሱ ደንዝዟል ወይም ኪሱ ጥልቀት አንሶታል። ወርደው ያስተካክሉ፤ ላዩ ላይ ቆሞ በእግር መልሶ መግፋት አይሠራም። በድንገት ቁልቁል ከወረደ የወለሉ ጠርዝ ደቅቋል፣ ይህም የቅርፊት ወይም የብስባሽ ምልክት ነው። ጥርሱ ጣሪያውን ልጦ ካወጣው ያንኑ ኪስ አያጥልቁ፤ እንጨቱ ተሰንጥቋልና አዲስ ይፍለፍሉ።

መጥረቢያ ሳንቃውን ከመታው ጠባሳው ትንሽ ቢመስልም ይመርምሩት። ላይኛው ገጽ ላይ፣ ጭረቱን አቋርጦ ያለ ቁስል ከሆነና ከብረቱ እስከ 40 ሳንቲሜትር ውስጥ ካረፈ ሳንቃው አበቃለት። ብሎኖቹን በየዕለቱ ያጥብቁ፣ የእንጨቱን ጫፎች የተልባ ዘይት ያጠጡ፣ ሳንቃውን ፀሐይ በማይመታው ቦታ ጠፍጣፋ አድርገው ያኑሩ። የሚጣለውን ሳንቃ ደግሞ ጫማውን ፈትተው ለአዲስ ካስቀሩ በኋላ መካከሉ ላይ በመጋዝ ይቁረጡት፣ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይቆምበት።